አረንጓዴው ዳቦ

አምስቱን ሬሳ በአንድ ድንኳን ውስጥ ጎን ለጎን አጋድመዋቸዋል። ነሐሴ ነውና ሸራው ዝናብ ጠግቦ ያንጠባጥባል፤ አንዱ ጠብታ የሟች ግንባር ላይ እያረፈ ወደ ጆሮው ይወርዳል። ኢንስፔክተር ከፋለ ሬሳውን ራሱ ፈቀቅ አደረገው። ከዚያ አንድ በአንድ ነጠላቸውን ገለጠ። ደም የለም። አረፋ የለም። አንገታቸው ላይ የእጅም የገመድም ምልክት የለም። ሁሉም ጎልማሶች፣ ሁሉም ድንጋይ ሲፈልጡ ኖረው መዳፋቸው የሻከረ።

«መቼ ነው የሞቱት?»

«አራቱ ትናንት፣ ይኼኛው ዛሬ ጎሕ ሲቀድ» አለ ከበስተኋላው የቆመው አቶ አገኘሁ። ከመቀሌ ወደ ውቅሮ የሚወስደውን መንገድ ጎርፍ ቆራርጦታል፤ የጥገናውን ኮንትራት የያዘው እሱ ነው። ወፍራም ካፖርት ለብሷል፤ ድምፁ የለቅሶ ቤት ድምፅ ነው። «ድንጋይ ፈላጮቹ ስምንት ነበሩ። ሁለቱ ማክሰኞ፣ ፍልሰታ በገባ ቀን፣ ለቅዳሴ ብለው ሄደው ተረፉ። አንዱ፣ ረታ የሚሉት፣ አካሚው ድሬሰር ቤት ነፍሱ ሳትወጣ ተኝቷል። እነዚህ ደግሞ ይኸው።»

«ምን አገኛቸው?»

አቶ አገኘሁ ከጥግ አንድ ጆንያ ጎትቶ አፉን ፈታ። ውስጡ ዳቦ ነው። የዳቦው ጀርባ አረንጓዴና ነጭ ጠጉር አብቅሏል።

«ነፍሰ ገዳዩ ይኼ ነው። የኡሙሰልማ ዳቦ። ያቺ ገበያው ዳር ያለችው የወሎዋ ባለ ፉርኖ። እኔም ማክሰኞ ከነሱ ጋር በልቼ ሆዴን አሞኝ ነበር፤ እመቤቴ አወጣችኝ እንጂ ስድስተኛው ሬሳ እኔ ነበርኩ።»

«ከዚሁ ጆንያ በሉ?»

«ከዚሁ። ሰው ሁሉ አይቷል።»

ከፋለ ጆንያውን አሳስሮ መቀሌ ሲደርስ ወሬው ቀድሞታል። ገበያው ዳር ሕዝብ እንደ ንብ ሰፍሯል። የኡሙሰልማ ምድጃ ፈርሶ ድንጋዩ መንገድ ላይ ተበትኗል፤ ሊጡ ከጭቃ ጋር ተለውሷል። ሴትዮዋ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች፤ ከቅንድቧ ደም ይወርዳል፤ አታለቅስም። ከፋለ ከሕዝቡ ጋር ተጋፍቶ ከፊቷ ቆመ።

«መርዘኛ ናት! ስጠን!» አለ አንዱ።

«ምስክር ከሆንክ ጣቢያ ና፤ ዳኛ ከሆንክ ሹመትህን አሳየኝ!» ብሎ ጮኸበት ከፋለ። ከሸዋ ከመጣ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ወያኔ የተባለው የገበሬዎች ዐመፅ ከበረደ ሁለት ዓመት ባልሞላው ከተማ የሸዋ ፖሊስ በጎሪጥ እንደሚታይ ያውቃል። ግን የዚያን ዕለት ደሙ ፈልቷል። አምስት ሬሳ አይቶ መምጣቱ ሳያንሰው ስድስተኛ ሊጨምሩለት ነው። ሴትዮዋን እጇን ይዞ አወጣት።

ጣቢያ ሲደርሱ ቁስሏን በጨርቅ አሰረላትና ወንበር ሰጣት።

«ስምሽ?»

«ስሜንማ ዛሬ የሰፈሩ ድንጋይ ሁሉ ያውቀዋል፤ እየጠሩት ነው የወረወሩት።»

«ዳቦው ያንቺ ነው?»

«የኔ ነው። የእጄን ሥራ አልክድም። ሰኞ ጠዋት ጋግሬ ትኩሱን ሰጠሁ። በእርጥብ ጆንያ አስረው ዝናብ ላይ ጣሉት። ቅዳሜ ደርሰው ሻገተ ይሉኛል! በነሐሴ ጫማም ይሻግታል፤ ጫማ ሠሪውን አሰራችሁት?»

ከፋለ ብዕሩን አቆመ። ሰዎቹ የበሉት ማክሰኞ ነው። ጠጉሩ የታየው ዛሬ ቅዳሜ።

«የሻገተ ዳቦ ሰው ይገድላል?» አለ፤ ለራሱ እንደሚጠይቅ።

ኡሙሰልማ ተነሣች። ጠረጴዛው ላይ ለማስረጃ ከተቀመጠው ዳቦ ቆረሰችና ወደ አፏ ሰደደችው። ከፋለ እጇን መታው፤ ቁራሹ መሬት ወደቀ።

«ተዉኝ ልብላው! ገዳይ ነው ካላችሁ እኔን ይግደል፤ ካልገደለኝ ምድጃዬን መልሱልኝ!»

«አትብዪ አልኩ!»

«ለምን? ይገድላል?»

ከፋለ ቁራሹን ከመሬት አንሥቶ ጠረጴዛው ላይ መለሰው። አለማወቁ አናደደው። አምስት ሰው በሞተበት ነገር ላይ፣ ሕዝቡም፣ አቶ አገኘሁም፣ እሱም፣ ዓይናቸው ያየውን ይዘው ከመጮህ በቀር የሚያውቁት ነገር አልነበረም።

ሲወጣ በሩ ላይ አንድ ቀጭን ሰው የምግብ ሳሕን በጨርቅ ቋጥሮ ቆሞ አገኘ። የኡሙሰልማ የሟች ባሏ ወንድም ሐቢብ ነው፤ ገበያ ውስጥ ቆርቆሮ እየቀጠቀጠ ኩራዝና ማንቆርቆሪያ ይሠራል። ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ «ለእሷ ነው፣ ጌታዬ» አለና ሳሕኑን ሰጥቶ ሄደ።

ድሬሰር ወልደጊዮርጊስ ስልሳ ዓመት አልፎታል። ቁጡ ሰው ነው። አስመራ በነጮቹ ላቦራቶሪ ውስጥ ሲሠራ ኖሮ፣ አገሩ ሲገባ አንድ ማይክሮስኮፕ እንደ ታቦት ተሸክሞ ነው የመጣው።

«ከመይ ውዒልኩም ጎይታይ» ብሎ ሰላምታ ሰጠው፤ ወዲያው ግን አክብሮቱን ተወው። «ና ወደይ፣ ና ልጄ፣ እይ ይኼን።»

ረታ አልጋ ላይ ተንጋሏል። የዓይኖቹ ቆቦች ወድቀዋል። ደረቱ በጭንቅ ከፍ ዝቅ ይላል።

«ተኝቷል?»

«አልተኛም! ሁሉን ይሰማል። ዓይኑን መግለጥ ነው ያቃተው። መዋጥ አቃተው፣ መናገር አቃተው። ትኩሳት የለውም። ልቡናው ግን እንደኔና እንዳንተ ነው። በቁሙ መቃብር ገብቷል በለው። እስቲ ነገር ሁለት ሁለት ሆኖ ታይቶት እንደሆነ ጠይቀው።»

ከፋለ ተንበርክኮ የረታን እጅ ያዘ። «ወንድሜ፣ አዎ ከሆነ አንዴ ጨብጠኝ፤ አይደለም ከሆነ ሁለቴ። ሕመሙ ሲጀምርህ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ታየህ?»

አንዴ ጨበጠ።

«የማክሰኞው ዳቦ ሻግቶ ነበር?»

ሁለቴ።

«ከዳቦው ጋር ሌላ የበላችሁት ነበር?»

አንዴ።

«ትኩስ ነበር?»

ሁለቴ።

«መጥፎ ሽታ ነበረው?»

ሁለቴ። ከዚያ ጣቶቹ ዛሉ።

ወልደጊዮርጊስ ከፋለን ወደ ጓዳው ወሰደው። ከተያዘው ዳቦ ላይ ጥቂት አረንጓዴ ጠጉር በመርፌ አንሥቶ መስታወት ላይ አደረገና ከማይክሮስኮፑ ሥር አስገባው። ከፋለ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየ። ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ የተጠላለፈ ቀጭን ክር፣ ጫፉ ላይ ዱቄት የመሰለ ፍሬ ያንዠረገገ።

«ዱር ይመስላል።»

«ሻጋታ ነው። ልክ እንደ ዱር ይበቅላል፤ ክሩን ይዘረጋል፣ ዘሩን በነፋስ ይበትናል። እርጥበትና አየር ካገኘ በዳቦውም በግድግዳውም ይወጣል። ደግሞ ደፋር ነው። ቀለሙን ለብሶ ‹ይኸው መጣሁ› ብሎ ነው የሚመጣ። አሁን ይኼንን እይ።» መስታወቱን ከአስመራ ይዞት በመጣው ሌላ መስታወት ለወጠ። ከፋለ አሁን ያየው የተቆራረጠ የስንደዶ ስባሪ የመሰለ ነገር ነው፤ ለየብቻው፣ ከክሩ ይልቅ እጅግ ያነሰ።

«ይኼ ባክቴሪያ ነው። እያንዳንዱ ብቻውን የቆመ ነፍስ ነው። አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት እየሆነ ይከፈላል፤ አዳሩን ሲከፈል አድሮ አእላፍ ይሆናል። በዓይንህ ግን አንዱንም አታይ። ምግቡ ንጹሕ መስሎ፣ ሳይሸት፣ ሳይሻግት ይገድልሃል።»

«ታዲያ ሻጋታ አይጎዳም?»

«ዋእ! ማን አለ? ሆድ ያሳምማል፣ ደረት ያፍናል፤ ከሻጋታም ክፉ መርዝ ያለው አለ። የሻገተ ብላ አልልህም። ግን በሦስት ቀን ዓይን ዘግቶ ትንፋሽ የሚያቆም ሻጋታ እኔ አላውቅም። እንግሊዞቹ ሐኪሞችማ ከሻጋታ መድኃኒት አውጥተዋል፤ ፔኒሲሊን ይሉታል፤ ባክቴሪያ የሚገድል። ባክቴሪያም ቢሆን ሁሉም ጠላት አይደለም። እርጎህን የሚያረጋልህ ማን መሰለህ? ክፋት በዘር አይደለም፤ የትኛው ነው፣ የት ነው፣ ምን ይሠራል ብለህ ነው የምትጠይቅ። ሕዝቡ ግን አረንጓዴ ሲያይ ድንጋይ ያነሣል!»

«አንተስ የትኛው ነው ትላለህ?»

ሽማግሌው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከረን ሳለሁ አራት ወታደሮች እንዲህ ዓይናቸው ወድቆ አየሁ። ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀው ‹ከቆርቆሮ የወጣ ምን በላችሁ?› ብሎ ነው። አየር የማይወድ ባክቴሪያ አለ። ታሽጎ በተቀመጠ ምግብ ውስጥ ይራባል፤ መርዝ ይሠራል፤ ጋዙ ቆርቆሮውን እንደ ከበሮ ይነፋዋል። መርዙን ደኅና አድርገህ ብታፈላው ይጠፋል። ቀዝቃዛውን ከበላኸው ግን...» እጁን ወደ ረታ አልጋ ዘረጋ።

እሑድ ጠዋት የድንጋይ ፈላጮቹ ወጥ ሠሪ ፈንታሁን ኲሓ ላይ ሲሸሽ ተያዘ። ከቦርሳው በወረቀት የተጠቀለለ ነጭ ዱቄት ወጣ። የጣቢያው አዛዥ ወረቀቱን እያርገበገበ ከፋለ ቢሮ ገባ።

«ያለቀለት ነገር ነው! መርዙ ይኸው። ወጥ ሠሪው ከሴትዮዋ ጋር ተመሳጥሯል። እስከ ማክሰኞ የእምነት ቃላቸውን አምጣልኝ፤ ከተማው እየታመሰ ነው።»

«መርዝ መሆኑ ይመርመር፣ ጌታዬ።»

«ሸሽቷል እኮ! ንጹሕ ሰው ይሸሻል?»

«የኡሙሰልማን ምድጃ ያየ ሰው ይሸሻል።»

አዛዡ በሩን ወርውሮት ወጣ። ወልደጊዮርጊስ ዱቄቱ ላይ ሎሚ ጠብ ሲያደርግ ተፍለቀለቀ። የቃር ሶዳ ነው። ፈንታሁን ሆዱን የሚያመው ሰው ነበር።

«ለምን ሸሸህ?» አለው ከፋለ።

«ፈራሁ ጌታዬ። ነገ ‹ወጡስ?› ይላሉ ብዬ።»

«ወጡ ምን ነበር?»

«ማክሰኞ ዝናቡ እንጨቱን አርሶት እሳት እምቢ አለኝ። አቶ አገኘሁ ከመጋዘናቸው በቆርቆሮ የታሸገ ፎሶልያ አመጡ። ጣሊያን ሲወጣ የተረፈ ነው። የጾም ነው፣ ዘይትና ጨው ነስንሰህ አቅርብ አሉኝ። ቀዝቃዛውን አቀረብኩ፤ እኔ ሆዴን ስለሚያመኝ አልቀመስኩትም።»

ከፋለ ወንበሩን ወደፊት ሳበ። «ቆርቆሮዎቹ አብጠው ነበር?»

«በጭራሽ! ለጣሊያኖች አምስት ዓመት ወጥ ሠርቻለሁ፤ ያበጠ ቆርቆሮ እንደሚጣል አውቃለሁ። እነዚህ ዝርግ ነበሩ። አንድ በአንድ በአውራ ጣቴ ተጭኛቸዋለሁ። ማርያምን!»

«ባዶዎቹ የት አሉ?»

«በማግሥቱ ስፈልጋቸው የሉም።»

ከፋለን የነካችው ይህች ቃል ናት። በዚህ ከተማ ባዶ ቆርቆሮ የሚጥል ሰው የለም። ኩራዝ ይሆናል፣ መጠጫ ይሆናል፣ ጣራ ይደፍናል። ደርዘን ባዶ ጣሳ በአንድ አዳር ከጠፋ ወይ ተሰርቋል፣ ወይ አንድ ሰው እንዲታይ አልፈለገም።

ወደ መንገድ ሥራው ሰፈር ተመለሰ። ሲጠይቅ ሲያፋጥጥ ዋለ። ማንም አላየም። በመጨረሻ የሰሜኑን ቁልቁለት ወርዶ የትምወርቅ ጎጆ ደረሰ። የትምወርቅ ለድንጋይ ፈላጮቹ ውሃ የምትቀዳ ሴት ናት፤ ከላስታ የመጣች፣ ሁለት ልጆች ያሏት። ፖሊስ ስታይ ሁለት እጇን አነሣች።

«ሰርቄ አይደለም፣ ጌታዬ! የተረፈ ነው። አንድ ቆርቆሮ ግማሹን ትተውት፣ ከሦስት ዳቦ ጋር ለልጆቼ ይዤ መጣሁ።»

«በላችሁት?»

«በላን እንጂ።»

«ፎሶልያውን? ልጆቹም?»

«እነሱም። ቀዝቃዛ ነገር ለልጅ አልሰጥም፤ በሽንኩርትና በበርበሬ ከልሼ እስኪንተከተክ ቀቀልኩት። ዳቦውም ሐሙስ ዕለት አረንጓዴ ሲያወጣ፣ ምን ላድርግ፣ ከላይ ከላይ ፍቄ በላነው። ኃጢአት ነው?»

ልጆቹ ደጅ ላይ እየተባረሩ ይስቃሉ። ከፋለ ዞሮ አያቸው። እነዚህ የሻገተውን ዳቦም፣ ያንኑ ፎሶልያም በልተዋል። ልዩነቱ እሳት ብቻ ነው።

«ጣሳው አለሽ?»

አመጣችው። «መጠጫ ላደርገው ብዬ እሳት ላይ ባደርቀው ከቂጡ የእርሳስ ጠብታ ወርዶ ቀዳዳ ወጣለት። አሁን ያፈሳል።»

ከፋለ ጣሳውን ወደ ብርሃን አነሣው። ከቂጡ መካከል የምስማር ጫፍ የምታህል ቀዳዳ አለች። ጠርዟ ወደ ውስጥ ታጥፏል፤ ከውጭ ነው የተመታው። ዙሪያዋን የቀለጠ እርሳስ ቅሬታ ከብቧታል። ፋብሪካ የሠራው አይደለም፤ እርሳሱ ያረፈው ከዝገቱ በላይ ነው።

ለምን ዝርግ እንደነበሩ ገባው። አንድ ሰው ያበጠውን ቆርቆሮ በምስማር ወግቶ አስተንፍሶታል። ከዚያ ደፍኖታል።  ስህተት ቢሆን ኖሮ ከፋለ ያዝን ነበር። ይህ ግን ስህተት አይደለም። ጣሳውን በጨርቅ ጠቅልሎ ያዘ።

ሰኞ ዕለት ከሰፈሩ ጀርባ አዲስ አፈር የለበሰ ጉድጓድ አስቆፈረ። አሥራ አንድ ባዶ ጣሳ ወጣ፤ ሦስት ያልተከፈቱም አብረው ተቀብረዋል። እያንዳንዱ ቂጥ ላይ አንድ የእርሳስ ጠብታ አለ። ከሦስቱ ሁለቱ እንደገና ማበጥ ጀምረዋል። ወልደጊዮርጊስ ሦስት ዶሮ አስገዛ። ለአንዷ ከቆርቆሮው ፎሶልያ እንዳለ ሰጣት፤ ለሁለተኛዋ ያንኑ አፍልቶ፤ ለሦስተኛዋ የኡሙሰልማን አረንጓዴ ዳቦ።

ማክሰኞ ማለዳ ከፋለ አዛዡን አስከትሎ መጣ። ሁለቱ ዶሮዎች ይጭራሉ። የመጀመሪያዋ ጥግ ላይ ተቀምጣለች፤ አንገቷ እንደ እርጥብ ጨርቅ መሬት ላይ ተዘርግቷል፤ ልታነሣው ትሞክራለች፣ አልሆነላትም።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለ አዛዡ።

«ረታ ነው» አለው ድሬሰሩ በቁጣ። «አምስቱም እንዲህ ነው የሞቱት። ሻጋታ የበላችው ያቻትና፤ ጠይቃት!»

አዛዡ ወደ ዶሮይቱ አየ፣ ወደ ከፋለ አየ፤ ኮፍያውን አጥልቆ ወጥቶ ሄደ።

አሁን የቀረው አንድ ጥያቄ ነው፤ ማን ደፈነው? እርሳስ የሚበይድ እጅ በገበያው ውስጥ ብዙ አይደለም። ከፋለ ወደ ቆርቆሮ ሠሪዎቹ ተራ ሄደ። ሐቢብ መዶሻውን ይዞ ተቀምጧል፤ አይመታም። ከፋለ ጣሳውን ጭኑ ላይ አስቀመጠለት።

«ይህን የደፈነው ማን ነው?»

የሐቢብ ከንፈር ደረቀ። «ያ ረቢ» አለ። «ያ ረቢ...»

«ሐቢብ!»

«እኔ ነኝ። ሰኔ ውስጥ ነው። መጋዘናቸው ወስደው ያበጡ ቆርቆሮዎች አሳዩኝ። እሳቸው በምስማር ይወጋሉ፤ ፍስስ ይላል፤ እኔ እደፍናለሁ። ሥራ ነው ብዬ... ምግቡ ምን እንደሆነ አላወቅኩም፣ ወላሂ።»

«እሳቸው ማናቸው?»

«አቶ አገኘሁ።»

«ምን አሉህ? ቃል በቃል ንገረኝ።»

«ከቀዳዳው የወጣው ውሃ እጄ ላይ ፈሰሰ። ‹ቶሎ ታጠብ፣ አፍህ እንዳታደርሰው› ብለው ጮኹብኝ። ሳሙና ራሳቸው አመጡልኝ።»

ከፋለ አጠገቡ ቁጢጥ አለ። «ዳቦው ነው ሲባል፣ እሷ ስትታሰር፣ አንተ ምንም አልጠረጠርክም?»

ሐቢብ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «እሑድ ዕለት ፎሶልያ በልተው ነበር ሲባል ሰማሁ። ጠረጠርኩ። አብሬ እንዳልታሰር ፈራሁ። ምግብ እያመላለስኩ... ዓይኗን ማየት አቃተኝ።»

አቶ አገኘሁ ሳሎኑ ውስጥ አቦል ቡናውን የጨረሰ ሰው መስሎ በጸጥታ ተቀምጦ ነበር። ከፋለን ሲያይ ተነሥቶ ወንበር አቀረበ። ከፋለ አልተቀመጠም።

«ገዳይቱ አመነች?» አለ አገኘሁ።

«ማክሰኞ እርስዎ ዳቦውን በሉ፤ ሰው ሁሉ አይቷል። ፎሶልያውንስ?»

«ሆዴን አሞኝ ነበር።»

«ቀድመው ዳቦው ሆድዎን እንዳሳመመዎ ነገሩኝ። ከመብላትዎ በፊት ነው ያመመዎ ወይስ ከበሉ በኋላ?»

 ከፋለ ጣሳውን ጠረጴዛው ላይ ጣለው።

«ልንገርዎ። በዚያ ማዕድ ላይ ደኅናው ነገር ዳቦው ብቻ መሆኑን የሚያውቀው ሰው አንድ ነበር። እሱም ዳቦውን ብቻ በላ። ኋላ ዳቦው ሲሻግትለት ጣቱን ወደ ዳቦው ቀሰረ።»

«ፎሶልያው ንጹሕ ነበር!» አገኘሁ ድምፁ ከፍ አለ። «ሸተተ? ሻገተ? አንድ ሰው አጉረመረመ? ወጥ ሠሪው ራሱ አይቶታል!»

«ያየው እርስዎ እንዲያይ ያሰናዱትን ነው። ቆርቆሮው ‹አትብሉኝ› ብሎ አብጦ ነበር። አፉን ደፈኑት።»

«አየር ነው! ጥቂት አየር ነው ያስወጣሁት!»

«ለአየር ሳሙና ያስፈልጋል? ‹አፍህ እንዳታደርሰው› ያሉት ለአየር ነው? ለሐቢብ እጅ የሳሱ ሰው ለስድስት ሰው ሆድ አልሳሱም!»

አገኘሁ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ፊቱ አመድ መሰለ። እንደሚያስታርቅ ሰው ቀስ ብሎ «ይሞታሉ አላልኩም» አለ። «ጣሊያኑ የመጋዘን ሰው ሲወጣ ‹ያበጠውን ቅበረው› ብሎኝ ነበር። ይህን ሁሉ ምግብ እንዴት ይቀበራል ብዬ... ቢበዛ ሆዳቸውን ይቆርጣቸዋል ብዬ ነው። ድንጋይ ፈላጮች ናቸው፤ ይችሉታል።»

የከፋለ እጅ ተነሣ። አጠገቡ የቆመው ፖሊስ ሊመታው ነው ብሎ ትንፋሹን ያዘ። ከፋለ እጁን በአየር ላይ ለቅጽበት አቆመና መልሶ አወረደው።

«ያበጠውን ሳይቀብሩ ሰዎቹን አስቀበሩ» አለ። «እሰረው!»

ኡሙሰልማ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ተፈታች። ከፋለ በር ድረስ ሸኛት፤ ከዚያም እግሩ አልቆም ብሎት ተከተላት። መንገዱ ዳር ሰው ተሰልፏል። ወሬው አሁንም ቀድሟል። ባለፈው ቅዳሜ «ስጠን» ያለው ሰውዬ ራሱን ዝቅ አድርጎ «እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ» አላት። አልፋው ሄደች።

ምድጃዋ የነበረበት ቦታ ደርሳ ቆመች። ድንጋዩ እንደተበተነ ነው። ዞር ብላ ሕዝቡን አየች።

«አንተ» አለች፣ ጣቷን ቀስራ። «አንተም። አንተም ባለ ባርኔጣው። ማን ምን እንዳፈረሰ አንድ በአንድ አይቻለሁ። ይቅርታችሁን ለአላህ ንገሩት፤ እኔ ጋ ድንጋዬን አምጡ።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ባለ ባርኔጣው ጎንበስ ብሎ አንድ ድንጋይ አነሣ። ሁለተኛው ተከተለው። ጥቂት ቆይቶ የድንጋይ ከድንጋይ መጋጨት ብቻ ይሰማ ጀመር። ከፋለም ኮቱን አውልቆ ጎረቤት አጥር ላይ ሰቀለ።

«እትዬ ኡሙሰልማ» አላት ድንጋይ እያቀበላት፣ «ረታ ዛሬ ውሃ ዋጠ። ጥቂት ነው፤ ግን ዋጠ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።

ሐቢብ የመጣው ያኔ ነው። ከሕዝቡ ጀርባ ቆሞ ቆይቶ፣ ከፊቷ ሄዶ ሁለት እጁን እንደታሰረ ሰው ዘረጋ። ፖሊስ ቃሉን ተቀብሎ ለቆታል፤ ፍርዱን ፍለጋ የመጣው እሷ ዘንድ ነው።

«እጄ ነው» አለ። «የደፈነው ይኼ እጄ ነው።»

ኡሙሰልማ አየችው።

«እጅህ አላወቀም» አለች። «አፍህ ግን እሑድ አውቆ እስከ ማክሰኞ ዝም አለ። ሳሕን ታመላልስልኝ ነበር፤ ቃል ብታመጣልኝ ኖሮ ረሃቡን እችለው ነበር።»

 የሐቢብ እጅ እንደተዘረጋ ቀረ። ዝናቡ እንደገና ማካፋት ጀመረ፤ ለምድጃው የተቆለለው አፈር ጠቆረ። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ የውሃ ባልዲ አነሣችና በተዘረጋው እጁ ላይ አንጠለጠለችው።

«ጭቃውን አቡካ» አለችው።